ሁለት ሦስት ልብ ወለድ ጎን ለጎን እንዴት ይጻፋል?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል። እውነት ነው። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ኑሮ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ቢከፈት አንድ ጅምር ብቻ አይገኝበትም። ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ የቆመ የፍቅር ታሪክ አለ። ስለ አያት ዘመን የተጀመረ ረጅም ታሪክ አለ። ስልክ ላይ ደግሞ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶ የተጻፈ፣ እስካሁን ስም ያልወጣለት ነገር ተቀምጧል። ሁሉንም መጨረስ ያምረናል። ጊዜው ግን ያው አንድ ነው።

ጎን ለጎን መጻፍ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። እንዲያውም አንዳንድ ጸሐፊ ከአንድ መጽሐፍ ጋር ብቻ ለዓመታት ተፋጥጦ ከመቀመጥ ይህ ይሻለዋል። የሚሳካው ግን መጻሕፍቱ በአንድ ሰሞን አንድ ዓይነት ጉልበት እንዳይጠይቁ አድርጎ ማሰለፍ ሲቻል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ሰልፍ ስለ መሥራት ነው።

ደረጃ 1፦ ጅምሮቹን ወረቀት ላይ አውጡ

አንድ ባዶ ወረቀት ውሰዱ። የጀመራችሁትንም ልትጀምሩት የምታስቡትንም እያንዳንዱን በአንድ መስመር ጻፉ። ርእስ ካላገኛችሁለት ለራሳችሁ በሚገባችሁ ስም ጥሩት። «የደሴው»፣ «የቤይሩቷ ልጅ»፣ «የፒያሳው ግድያ» እንበል። እነዚህን ሦስት ስሞች ለማሳያ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው እጠቀምባቸዋለሁ። የመጀመሪያው በ1966 ዓ.ም. አብዮት ዋዜማ ደሴ ላይ የሚካሄድ ነው። ሁለተኛው ከአረብ አገር ሥራ ስለተመለሰች ሴት ነው። ሦስተኛው የወንጀል ታሪክ ነው።

ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ጥያቄ መልሱ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን ይፈልጋል፣ ማን ወይም ምን ይከለክለዋል? መጨረሻው በጭላንጭልም ቢሆን ይታየኛል? ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ባይገኝ ችግር የለም፤ ሲጻፍ ይገኛል። ሦስተኛው ላይ «ኧረ ምንም አይመስለኝ» ካላችሁ ግን ያንን ጅምር ያለ ርኅራኄ ከሰልፉ አስወጡት።

ከሦስት በላይ አትያዙ። ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ሁለት ቢይዝ ይበቃዋል። የቀረውን «ማቆያ» የሚል ፎልደር ውስጥ ክተቱ። አይጣልም፣ አይነካም።

ደረጃ 2፦ በአንድ ጊዜ አንድ የመጀመሪያ ረቂቅ ብቻ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። አንድ ልብ ወለድ ብዙ ደረጃ አለው። መረጃ የሚሰበሰብበትና ሴራው የሚነደፍበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ረቂቅ የሚጻፍበት አለ። ተጽፎ የሚያርፍበት አለ። ከዚያ የሚታረምበትና እንደገና የሚጻፍበት ይመጣል። እነዚህ ሁሉ የሚበሉት ጉልበት ይለያያል።

የመጀመሪያ ረቂቅ ሙሉ ሰው ይፈልጋል። እዚያ ላይ ጸሐፊው የሌለ ነገር እየፈጠረ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ምግብ ሲበላም ታክሲ ሲጠብቅም ጭንቅላቱ ውስጥ መኖር አለባቸው። ሁለት መንደር ሰው በአንድ ጭንቅላት ማኖር ከባድ ነው። እርማት ደግሞ ሌላ ነው። ጽሑፉ አለ፤ የሚፈለገው ቀዝቃዛ ዓይን ነው። መረጃ መሰብሰብም ሌላ ነው፤ በአብዛኛው የእግርና የጆሮ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን መጻሕፍት በሦስት የተለያየ ደረጃ ላይ አስቀምጧቸው። «የፒያሳው ግድያ» ረቂቁ እየተጻፈ ነው እንበል። «የቤይሩቷ ልጅ» ረቂቋ አልቆ እርማት ላይ ናት። «የደሴው» ገና መሰብሰብ ላይ ነው፤ ዘመኑን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ተሂዶ የዚያን ጊዜ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይገለበጣል፣ የጤፍና የሸማ ዋጋ ይመዘገባል። ሦስቱም ይራመዳሉ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይቀማም።

ሁለት ረቂቅ በአንድ ጊዜ የጻፉ የሉም ወይ? አሉ። የሚያስተምረው ግን እንዴት እንደጻፉ ሲታይ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1866 እ.ኤ.አ. «ወንጀልና ቅጣት»ን በመጽሔት በተከታታይ እያወጣ ነበር። አስቀድሞ ግን ለሌላ አሳታሚ አዲስ ልብ ወለድ እስከዚያው ዓመት ኖቬምበር 1 ለማስረከብ ፈርሞ ነበር። ካላደረሰ አሳታሚው የጸሐፊውን ሥራዎች ለ9 ዓመት ያለ ክፍያ የማተም መብት ያገኛል። ዶስቶየቭስኪ ያሰበው አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ሊጽፍ ነበር። ኦክቶበር ሲገባ ግን ለአሳታሚው የሚሆን አንድ ገጽ እንኳ አልነበረውም። መጨረሻ ላይ ትልቁን መጽሐፍ ወዲያ አለው። አና ስኒትኪና የምትባል የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ቀጠረና «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን በቃሉ እየነገረ አስጻፈ። ካስረከበ በኋላ ወደ «ወንጀልና ቅጣት» ተመለሰና በዚያው ዓመት መጨረሻ ጨረሰው። ጠዋትና ማታ የሚለው ዕቅድ ለእሱ እንኳ አልሠራም። የሠራው አንዱን በግልጽ አቁሞ ሌላውን መጨረስ ነው።

ደረጃ 3፦ የማይመሳሰሉትን አጣምሩ

ሁለቱም ስለ አባትና ልጅ ጠብ ከሆኑ፣ ሁለቱም በአንደኛ መደብ የሚተረኩ ከሆኑ፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአንዱ ገጸ ባሕርይ በሌላው አፍ መናገር ይጀምራል። አንዱ ጥሩ ትዕይንት ለሁለቱም ይመቻል፤ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ መወሰን ያቅታል። እንዲህ ዓይነት መንታ ጅምር ካላችሁ ምናልባት አንድ መጽሐፍ ናቸው። አዋህዳችሁ ሞክሯቸው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ሁለት ልብ ወለድ በእርግጥ ጎን ለጎን ጽፏል። በ1837 እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር «ፒክዊክ ፔፐርስ» እና «ኦሊቨር ትዊስት» ሁለቱም በየወሩ ይወጡ ነበር። አንዱ የሚያስቅ የጉዞ ታሪክ ነው፤ ሌላው በድሆች ማደሪያ የተወለደ ወላጅ አልባ ልጅ ታሪክ። ድምፃቸው ስለሚራራቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር እረፍትም ሆኖለት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ወደ ዲክንስ በኋላ እመለሳለሁ፤ በዚያው ዓመት የደረሰበት ነገር ስለ ቀነ ገደብ ያስተምራል።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ደብተር

ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ ፋይል ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ለሳምንታት ርቃችሁ ስትመለሱ እዚያ ከፍታችሁ መጽሐፉ ውስጥ በፍጥነት መግባት መቻላችሁ ነው። የገጸ ባሕርያት ስምና የምዕራፍ ዝርዝር ሁሉም ሰው ይጽፋል። በአማርኛ ስንጽፍ ግን ከዚያ በላይ የሚያስፈልጉ ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚዘላቸውም እነሱን ነው።

አንደኛ፣ የፊደል ውሳኔ። ገጸ ባሕርዩ «ኃይሉ» ነው ወይስ «ሀይሉ»? ልጅቷ «ፀሐይ» ናት ወይስ «ጸሀይ»? አንዱ መጽሐፍ ላይ በአንዱ፣ ሌላው ላይ በሌላው መጻፍ ችግር የለውም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲደባለቅ ግን ኮምፒውተሩ እንደ ሁለት የተለያየ ሰው ነው የሚያየው። ስሙን ልትቀይሩ «ፈልግና ተካ» ስትሉ ግማሹ ይቀራል። ምዕራፍ 3 ላይ ኃይሉ ተብሎ ምዕራፍ 12 ላይ ሃይሉ የሆነው ሰውዬ አንባቢ እጅ ላይ ይደርሳል። ሦስት መጽሐፍ ስትይዙ ይህ አደጋ ይበዛል፤ እጃችሁ ትናንት የለመደውን ፊደል ይዞ ዛሬ ወደ ሌላው ይሻገራል። የስሞቹን አጻጻፍ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩት።

ሁለተኛ፣ ማን ማንን እንዴት ይጠራል። ይህን በሠንጠረዥ አስቀምጡት፤ በጣም ይጠቅማል። «የደሴው» ውስጥ አማት ለምራታቸው «አንቺ» ይላሉ፤ ምራት ለእሳቸው «አንቱ» ትላለች፤ ጎረቤት «እትዬ» ይላቸዋል። «የፒያሳው» ውስጥ መርማሪው ተጠርጣሪውን እስከ ምዕራፍ 10 ድረስ «እርስዎ» ይለዋል። ምዕራፍ 11 ላይ ወደ «አንተ» ያወርደዋል። ይህ የታሪኩ ማጠፊያ ነው። ከሌላ መጽሐፍ ስትመለሱ ረስታችሁ ምዕራፍ 8 ላይ «አንተ» ካስባላችሁት ያ ትልቅ ትዕይንት ባዶውን ይቀራል። አንባቢ ለምን እንደቀዘቀዘበት ላያውቅ ይችላል፤ ግን ይቀዘቅዝበታል።

ሦስተኛ፣ ቀን መቁጠሪያ። ዘመኑ የሚታወቅ ታሪክ ከሆነ እያንዳንዱ ትዕይንት የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል ጻፉ። ደስ የሚለው ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከወር ወር ዕለቱ በሁለት ብቻ ይገፋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ስለዚህ ጥቅምት 2 ቅዳሜ ነው፤ ኅዳር 2 ሰኞ። ይህን ካወቃችሁ ኦርቶዶክስ የሆነ ቤተሰብ በዚያ ኅዳር ረቡዕ ቀን ዶሮ ወጥ ከቦ እንዲቀመጥ አታደርጉም። ጾም መሆኑ ይቀራል እንዴ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕም ዓርብም ይበላል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አንባቢ ወዲያው ይይዘዋል፤ እናታችሁ ካነበቡት ደግሞ ወዮላችሁ! ዕድሜም እዚሁ ይጻፍ። በ1948 የተወለደች ልጅ በ1966 አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ይህን በየጊዜው በጣት ከመቁጠር አንዴ መጻፍ ይሻላል።

አራተኛ፣ አነጋገር። ከቤይሩት የተመለሰችው ልጅ «ማዳም» ሳትል አንድ ቀን አትውልም። የፒያሳው ልጅ የአራዳ ቋንቋ ይቀላቅላል። የደሴው ሽማግሌ ምርቃት ሳያስቀድሙ ነገር አይጀምሩም። ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ከአፉ የወጡ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች ገልብጡ። ስትመለሱ እነሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ድምፁ ቶሎ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችንም የምንወዳት አባባል አለችን። «ልቧ ድንግጥ አለ»፣ «ዓይኑ በዕንባ ሞላ»፣ «ለአፍታ ዝም አለ»። በአንድ መጽሐፍ ስትደጋገም አርታኢ ይይዛታል። በሦስት መጽሐፍ ስትሰራጭ ማንም አይይዛትም፤ ሦስቱ ሲታተሙ ግን አንባቢ የአንድ ሰው እስትንፋስ ይሰማዋል። የራሳችሁን ዝርዝር አውጡና አንዷን አባባል ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ፍቀዱ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን በሥራው ዓይነት ክፈሉ

ማለዳ ጭንቅላት ትኩስ ነው፤ ለረቂቅ ስጡት። ቢሮ የሚገባ ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12፡30 ያለውን ጊዜ «ለፒያሳው» ብቻ ይያዝ። ማታ የደከመ ሰው አዲስ ትዕይንት መፍጠር ይከብደዋል፤ የታተመ ወረቀት ይዞ በእስክሪብቶ ማረም ግን ይችላል። መብራት ሲጠፋም ሻማ አብርቶ ይቻላል። ስለዚህ «የቤይሩቷ ልጅ» የማታ ሥራ ትሁን፣ ያውም በሳምንት ሁለት ቀን። «የደሴው» ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። አንድ ሽማግሌ መጎብኘት፣ አንድ መጽሐፍ ማንበብ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የተቀዳ ቃለ ምልልስ በጆሮ ማዳመጥ።

ልጅ የምታሳድጉ፣ በሽፍት የምትሠሩ፣ ባሕር ማዶ ሁለት ሥራ የምትሠሩ ሰዎች ይህ ክፍፍል እንዳለ አይሆንላችሁም። ለእናንተ የሚሻለው በሳምንት መክፈል ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለአንዱ፣ ቀጥሎ አንድ ሳምንት ለሌላው። በቀን ውስጥ ከመዝለል ይህ ያነሰ ያደክማል። ከአንድ መጽሐፍ ወጥቶ ሌላ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይፈጃል፤ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ግማሹን በመሻገር ሊጨርሰው አይገባም።

የሠራችሁትን መዝግቡ። አንቶኒ ትሮሎፕ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ነው ብዙዎቹን ልብ ወለዶቹን የጻፈው። በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 11፡30 ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፋል። በየሳምንቱ የተከፋፈለ መዝገብ ነበረው፤ በየቀኑ የጻፈውን ገጽ ብዛት ያሰፍርበታል። የእሱን ቁጥር ግን አትቅዱ። የእኛ ግስ አድራጊውንም ተደራጊውንም አብሮ ስለሚይዝ፣ በአማርኛ 250 ቃል ከእንግሊዝኛው 250 ቃል የበለጠ ነገር ይዟል። በቃል ከመቁጠር በትዕይንት ወይም በገጽ ቁጠሩ። ለእርማትና ለመሰብሰብ ደግሞ ገጽ መቁጠር ትርጉም የለውም፤ እዚያ የተቀመጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ሦስት ዓምድ ያለው አንድ ገጽ በቂ ነው። ወር ሲያልቅ አንዱ ዓምድ ባዶ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ።

ዓመት በዓልና ጾምም ዕቅድ ውስጥ ይግባ። የገና ሰሞን፣ የፋሲካ ሰሞን፣ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ቤት በእንግዳ ይሞላል። እነዚያን ሳምንታት ለረቂቅ አትመድቧቸው። ለመሰብሰብ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ የድሮ ወሬ ሲያወራ ጆሮ መስጠት ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ስታቆሙ የማደሪያ ማስታወሻ ተዉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ከአንድ መጽሐፍ ተነሥታችሁ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ የት እንዳቆማችሁ ጻፉ። «ምዕራፍ 9 መሐል» የሚለው አይበቃም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የምትመለሱት እናንተ አሁን የምታውቁትን አታውቁም። እንዲህ ይመስላል፦

«ጥቅምት 5። ምዕራፍ 9። መርማሪው የሟቹን ቤት በር ሊያንኳኳ ነው። እህትየው ውስጥ ናት፤ እሱ አያውቅም። ቁልፉ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው፤ ምዕራፍ 6 ላይ አልመለሰውም። ድምፁ ደከም ያለ ነው፣ አይቆጣም። አሁንም «እርስዎ» ላይ ነን። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር፦ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ያልወሰንኩት፦ እህትየው ስለ ገንዘቡ ታውቃለች? ምናልባት። ገና ነው።»

ይኸው ነው። ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጸሐፊውን ግን በር ላይ ያቆመዋል። ልብ በሉ፣ ማስታወሻው ያቆመው በምዕራፍ መጨረሻ አይደለም። ነገር ሊፈጠር ሲል ነው ያቆመው። ምዕራፍ ጨርሶ ማቆም ደስ ይላል፤ ስትመለሱ ግን የሚጠብቃችሁ ባዶ ገጽ ነው። መሐል ላይ ስታቆሙ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

«ያልወሰንኩት» የሚለው መስመርም ትልቅ ነገር ነው። ዲክንስ በኋለኞቹ ልብ ወለዶቹ ላይ ለየወሩ ክፍል አንድ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር። በግራ በኩል ለራሱ ጥያቄ ይጽፋል፤ ይህ ሰው አሁን ይግባ ወይስ አይግባ? ከዚያ ራሱ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ገና» እያለ ይመልሳል። በቀኝ በኩል ምዕራፎቹና በውስጣቸው የሚሆነው ነገር ይሰፍራል። «ገና» ብሎ መጻፍ ያልተወሰነውን ነገር ከጭንቅላት አውርዶ ወረቀት ላይ ያስቀምጠዋል። ሌላ መጽሐፍ ላይ ሆናችሁ ያ ጥያቄ አይከተላችሁም።

ስትመለሱ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ የማደሪያ ማስታወሻው፣ ቀጥሎ የገጸ ባሕርያቱ ናሙና ዓረፍተ ነገሮች፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ድምፅ አውጥቶ ማንበብ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንሥቶ ማንበብ አያስፈልግም። ያን ካደረጋችሁ ማረም ትጀምራላችሁ፤ ጊዜው ያልቃል፤ አዲስ ገጽ ሳይጻፍ ይነጋል።

ደረጃ 7፦ ሌላኛው መጽሐፍ ሲጠራ

«የፒያሳው» ላይ ቁጭ ባላችሁበት «የደሴው» ድንቅ ትዕይንት ይመጣል። ይመጣል፣ አይቀርም። ስልካችሁን አንሡና በሦስት መስመር ጻፉት፣ ወይም በድምፅ ቅዱት። ከዚያ ተመለሱ። ፋይሉን ግን አትክፈቱ። ፋይሉ ከተከፈተ የዚያን ቀን ጠዋት ሄደ ማለት ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የሌላው መጽሐፍ ጥሪ በጣም የሚበረታው የያዛችሁት መሐሉ ላይ ሲከብድ ነው። መጀመሪያው ያስደስታል፤ መጨረሻው ይስባል፤ መሐሉ ግን ድካም ነው። አዲሱ ጅምር ገና ስላልተጻፈ ፍጹም ይመስላል። ስለዚህ ደንብ አውጡ። ወደ ሌላ መጽሐፍ የሚሻገሩት በተያዘው ቀን ብቻ ነው፤ ትዕይንት ስለከበደ አይሻገሩም። የከበደውን ትዕይንት አስቀያሚ አድርጋችሁም ቢሆን ጻፉት። ጨርሶ ካልሄደ በቅንፍ «እዚህ ይጣላሉ፤ በኋላ ይጻፋል» ብላችሁ እለፉት፣ ቀጣዩን ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ፋይሎቹን ጠብቁ

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ፎልደር፤ በውስጡ ረቂቅ፣ ደብተር፣ የተቆረጡ ገጾች። የምትቆርጡትን አትሰርዙ። የፋይሉ ስም መጽሐፉን፣ ደረጃውንና ቀኑን ይናገር፦ «ፒያሳ ረቂቅ 1 ጥቅምት 5»። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ሦስት መጽሐፍ ላለው ሰው ጣጣ ናቸው።

በዩኒኮድ፣ ማለትም በየኮምፒውተሩና በየስልኩ በሚነበበው የፊደል አሠራር፣ ጻፉ። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ዩኒኮድ አይደሉም፤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ሲከፈቱ ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የድሮ ጅምር ካላችሁ አሁኑኑ አስቀይሩት። ቅጂ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ጎግል ድራይቭ ላይ ወይም በቴሌግራም ራሳችሁ ለራሳችሁ በምትልኩት መልእክት ላይ።

ደረጃ 9፦ ቀነ ገደብ ያለው ይቅደም፣ ግን ስንቅ ይያዝ

ብዙ የአማርኛ ጸሐፊዎች አሁን ልብ ወለዳቸውን በቴሌግራም ቻናል በክፍል በክፍል ያወጣሉ። አንባቢ ይጠብቃል። «ክፍል 14 መቼ ነው?» የሚል መልእክት ይጎርፋል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ካላችሁ የረቂቁን ቦታ የያዘው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ይከተሉታል።

ሳትወጡ ግን ስንቅ ያዙ። ቢያንስ አምስት ክፍል ተጽፎ፣ ታርሞ፣ ተቀምጦ ካልሆነ የመጀመሪያውን አትልቀቁ። ወደ ዲክንስ እመለሳለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። በሜይ 1837 እ.ኤ.አ. አብራቸው ትኖር የነበረችው የሚስቱ እህት በ17 ዓመቷ በድንገት ሞተች። በጣም ይወዳት ነበር፤ መጻፍ አልቻለም። በቀጣዩ ወር ሁለቱም ልብ ወለዶች አልወጡም። ከእጅ ወደ አፍ ነበር የሚጽፈው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ክፍል አልነበረም። ኀዘን ማንም ቤት ይገባል፤ ሕመምም እንዲሁ። የተቀመጠ ክፍል ያለው ጸሐፊ ለቅሶ ላይ ሲቀመጥ ስለ አንባቢ አይጨነቅም።

ደረጃ 10፦ አንዱ ሲያልቅ

የ«ፒያሳው» ረቂቅ አለቀ እንበል። ደስ ይበላችሁ፤ ሻይ ቡናም በሉ። ወዲያው ማረም አትጀምሩ፤ ቢያንስ አንድ ወር ይረፍ። ያ ወር «የቤይሩቷ ልጅ» የምትጠናቀቅበት ነው። የመጨረሻ እርማቷን ጨርሱና ለሁለት ሰው አንብቡልኝ ብላችሁ ስጡ። አንዱ ልብ ወለድ አዘውትሮ የሚያነብ፣ አንዱ ያንን ሕይወት የሚያውቅ ይሁን። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ቆንጆ ነው» ይሏችኋል። «የት ቦታ ላይ አስቀመጣችሁት? ማንን አላመናችሁትም?» በሉ።

«የደሴው» ወደ ረቂቅ ከመሻገሩ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። የተሰበሰበው ይበቃል ወይ? መሰብሰብ ጣፋጭ ስለሆነ ማለቂያ የለውም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በአንድ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የምታደርገውን፣ የምትበላውን፣ የምትፈራውን ሳታመነቱ መናገር ከቻላችሁ ይበቃል። ለቀረው እየጻፋችሁ በቅንፍ ቦታ ትተዋላችሁ። ካልቻላችሁ ሁለት ቅዳሜ ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ግን አትጨምሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ገጽ ለመቁጠር አትቸኩሉ። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ፣ የመጠሪያ ሠንጠረዡን ሙሉ፣ የቀን መቁጠሪያውን አረጋግጡ። ባዶ የሆነውን ሦስተኛ ቦታ ከ«ማቆያ» ፎልደር አንዱን አውጥታችሁ መሰብሰብ ላይ አስቀምጡት፣ ወይም ለጥቂት ወራት ባዶውን ተዉት። የመጀመሪያውን ትዕይንት ሰኞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጀምሩ።